ጣና ላይ፦ የሞተሩ እግር ዘይት ያፈሳል፣ ኦይል ሲሉ ሁለቴ ተቀይሮም አልዳነም

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር ነኝ። ስምንት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ አለችን፤ ወደ ዜጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እንመላለሳለን። ሞተሩ የጃፓን ነው፣ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ።

ጠዋት ወደ ጀልባዋ ስወርድ በሞተሩ እግር (ውሃ ውስጥ በሚገባው የታችኛው ክፍል) ዙሪያ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ተንሳፎ አገኛለሁ። ሰኔ ላይ አንድ መካኒክ የፕሮፔለሩን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚያትመውን ቀለበት) ቀየረልኝ። መስከረም ላይ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ መካኒክ ቀየረው። ይኸው አሁን ደግሞ ጀምሯል። ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ «ዕቃው ፎርጅድ ነው»። ሁለቱንም ሲል የገዛሁት ከተለያየ ሱቅ መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ።

ኅዳር ጽዮን ሊደርስ ነው፣ ተሳላሚ ይበዛል። ሦስተኛ ሲል ልግዛ ወይስ እግሩ ውስጥ ያለውን ካምቢዮ በሙሉ ልፍታው?

ሐይቅ_ዳር_09 · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ ብዙ አትጨነቅ። 90 ቁጥሩን የካምቢዮ ዘይት አውጣና 140 ቁጥር ሙላበት። ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይወጣም። እኛ ጋ ዓሣ አስጋሪዎቹ ግራሶም ይቀላቅሉበታል።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4:20

140 ቁጥር ያልከው ሰው፣ በእግዜር። ዘይቱ እንዳይወጣ ከለከልከው እንበል፤ ውሃው እንዳይገባስ በምን ትከለክለዋለህ? የእግሩ ችግር መውጣቱ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ ካምቢዮው ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ዘይቱን ይገፋል። ስታጠፋው እግሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው፤ አየሩ ይኮማተራል፣ በወጣበት ቀዳዳ ውሃ ይስባል። በየቀኑ እንዲህ ይተነፍሳል። ግራሶ ደግሞ አንዴ ከማርሹ ጥርስ ላይ ከተገፋ አይመለስም፣ ኩሽኔታው ደርቆ ይሠራል። በሁለት ወር ኩሽኔታ ትቀይራለህ።

አሁን ወደ ጠያቂው። ልጄ፣ ሲል ከመግዛትህ በፊት የትኛው ዘይት እንደሚፈስ እወቅ። ቱ ስትሮክ ሞተር ከእግሩ ጥቁር ነገር ማንጠባጠቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከቤንዚኑ ጋር የቀላቀልከው ዘይት ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ከጭሱ ጋር በፕሮፔለሩ መሐል ይወጣል፣ ስታቆመው ይንጠባጠባል። ሰው ይህን አይቶ ስንት ደህና ካምቢዮ አስፈትቷል መሰለህ።

ስለዚህ ጣትህን ቀብተህ አሽትተው። የተቃጠለ ቤንዚን ከሸተተና ቀጭን ጥቁር ከሆነ ከጭስ መውጫው ነው። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ጠረን ካለውና ጣትህ መሐል ከተሳበ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ያ ጠረን ከድኝ ነው የሚመጣው፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት እንዲህ አይሸትም። ቤንዚንህን በስንት ነው የምትቀላቅለው? በ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ማለትም 50 ለ 1፣ ለብዙዎቹ ደህና ነው። «ሞተሩን እንዳይጎዳው» እያለ 800 የሚያፈስ ሰው ግን አውቃለሁ። ካንዴላው በየሳምንቱ ይጠቁራል፣ ጀልባው ዙሪያ ሐይቁ ቀለም ይቀባል።

ሁለተኛ፣ ጀልባዋ ሌሊቱን ከቆመች በኋላ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ የታችኛውን መፍሰሻ ቡሎን ቀስ ብለህ ላላ አድርግ። ዕቃ ከሥሩ ይኑር፣ ሐይቁ ውስጥ አታፍስስ፤ ሰው ይጠጣዋል። መጀመሪያ የሚመጣው ምንድን ነው፦ ንጹሕ ውሃ፣ ማኪያቶ (ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት) ወይስ ንጹሕ ዘይት? አይተህ ንገረኝ።

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቤንዚኑን የምቀላቅለው 20 ሊትር በ400 ነው። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ያለው እርስዎ እንዳሉት ማኪያቶ ነው፣ አረፋው ብቻ ነው የቀረው። ጠረኑም እንቁላሉ ነው። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት ግራጫ ጭቃ ይዟል፣ ስባሪ ብረት ግን የለውም።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2:00

ግራጫ ጭቃው የተለመደ ነው። ስባሪ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። የማርሹ ጥርስ ደህና ነው ማለት ነው፣ ግን በማኪያቶ ብዙ አትነዳውም።

አሁን ፕሮፔለሩን አውጣ። ከሁሉም በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀል፤ ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር የተነሳ ሞተር አይቻለሁ። ኮፒሊያውን (ዳዶውን የሚይዘውን ፒን) ሳብ፣ ዳዶውን ፍታ፣ ፕሮፔለሩ ይውጣ፣ ከኋላው ያለውን ወፍራም ሮንዴላ አንሳና ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ሥር ተመልከት። ጣና ላይ የሚሠራ ሰው የመረብ ክር ሳያገኝ አይቀርም። ድሮ የጥጥ ክር ነበር፣ ይበሰብሳል። የዛሬው የላስቲክ ክር አይበሰብስም። ሻፍቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ይሞቃል፣ ወደ ውስጥ ይገባና የሲሉን ከንፈር እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። መካኒኮቹ አዲሱን ሲል ከትተው ክሩን ሳያወጡ ዘግተውት ከሆነ ሦስትም አራትም ብትቀይር ያው ነው።

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10:30

ጋሼ! ፎቶውን ይመልከቱት። ከሮንዴላው ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ቋጠሮ ወጣ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር፣ ግማሹ ቀልጦ እንደ ላስቲክ ሆኗል። በፒንሳ ነው የጎተትኩት። እንቦጩ ውስጥ ስንገባ የተጣለ መረብ ይኖራል፣ አይታይም።

በቃ ተገኘ! ነገ ሲል ገዝቼ እከተዋለሁ።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 10፣ ከቀኑ 11:00

ነግሬህ ነበር።

ሚኒሶታ_ያለው · ኅዳር 11፣ ከሌሊቱ 8:50

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። እኔ ያለሁት ሐይቅ በሞላበት አገር ነው፣ ዓሣ ለማጥመድ የሚሆን ትንሽ ሞተር አለኝ። እዚህ ክረምቱ ምሕረት የለውም፦ ካምቢዮ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ይለጠጥና ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ካምቢዮውን በአየር ሳልፈትን አላሳድርም።

ወንድም፣ ክሩን ማግኘትህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ማግኘትና ቀዳዳውን ማግኘት ይለያያል። ውሃ የሚገባበት አምስት ቦታ አለ፦ የፕሮፔለሩ ሻፍት ሲል፣ ከላይ በውሃ ፓምፑ ሥር ያለው የቁም ሻፍት ሲል፣ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ሲል፣ የኋላ ክዳኑ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት)፣ እና ሁሉም የሚንቃቸው የሁለቱ የዘይት ቡሎኖች (የላይኛውና የታችኛው) ትንንሽ ጋስኬቶች። ያቺ ጋስኬት አንዴ ከተጨፈለቀች ሁለተኛ አትታተምም። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ትፈልጋለች፣ ዋጋዋም ከቡና አይበልጥም።

በአየር ፈትነው። ዘይቱ ፈሶ ያለቀ ይሁን። የታችኛውን ቡሎን ዝጋ፣ በላይኛው ቀዳዳ አየር አስገባ። መጀመሪያ በትንሹ፣ 3 ወይም 5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሲል በትልቅ ግፊት ከንፈሩ ሻፍቱ ላይ ስለሚጣበቅ ይታተማል፣ በትንሹ ግን ያፈሳል። ከዚያ እስከ 10 ድረስ። ከ15 አትለፍ፣ ደህናውን ሲል ከቤቱ ታስወጣዋለህ። ውሃ ውስጥ ንከረውና አረፋ ፈልግ። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዝም ብለህ አትይ። ሻፍቱን በእጅህ እያዞርክ፣ ማርሹንም ወደፊትና ወደኋላ እየቀየርክ እይ።

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2:20

የአየር መፈተኛውን ከየት ላምጣ? እዚህ አይሸጥም።

ቶርኖ_ጥግ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3:10

ባሕር ዳር ተቀምጠህ የብስክሌት ፓምፓ ቸገረኝ አትበለን። አሮጌ የመፍሰሻ ቡሎን ካለህ መሐሉን ቶርኖ ላይ ቀዳው፣ ከተጣለ የብስክሌት ጎማ የተቆረጠ የአየር መሙያ አፍ ጫፉ ላይ በናስ ይበየድልህ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፓምፓው ግን የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው ይሁን፣ በግምት ከሞላኸው ከ15 ታልፋለህ።

ሐዋሳ_ጀልባዋ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7:45

ወሬያችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ የሚመልስልኝ አጥቼ ነው። እኛ ጋ ያለው ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ተለይቶ የሚቀመጥበት) ነው፣ ትንሽ። ከላይኛው ክዳን ሥር ዘይት ያልባል። የገረመኝ ግን ዘይቱ እያፈሰሰ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ግን ከፍ እያለ ነው! ባለፈው ሳምንት ከላይኛው ምልክት በታች ነበር፣ ዛሬ አልፎታል። ማንም አልጨመረበትም፣ ወንድሜንም ጠይቄዋለሁ።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9:00

እህቴ፣ የጨመረው ዘይት ሳይሆን ቤንዚን ነው። መለኪያውን አውጥተሽ አሽቺው፣ ይሸትሻል። ከሚፈስበት ቦታ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል፤ ቤንዚን ያቀጠነው ዘይት ክራንኩን አያለሰልስም። ዘይቱን ሳትቀይሪ አታስነሺው።

ከየት ይገባል? አንደኛ፣ ትንንሾቹ ፎር ስትሮኮች ላይ የቤንዚን ፓምፑ ብዙ ጊዜ የሚገፋው በቫልቭ ማንቀሳቀሻው ነው፤ የውስጥ ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ ቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ቀኑን ሙሉ በዝግታ እየነዳችሁ ዓሣ ፍለጋ ከሆነ ሞተሩ አይሞቅም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ፋሻ አልፎ ይወርዳል። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ይብሳል።

ክዳኑ ሥር የሚያልበው ደግሞ ምናልባት ዘይቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ በመተንፈሻው ተገፍቶ ይሆናል። የክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማተሚያ) ከመቀየርሽ በፊት መጠኑን አስተካክዪ። በነጭ ጋዝ እጠቢው፣ አድርቂው፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፣ በርሜል ውሃ ውስጥ አስነሺው። ዱቄቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ምንጩ ነው። ዘይት ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚወርድ የተጠራቀመበትን ቦታ አትመኚው።

አንድ ጥያቄ፦ ሞተሩን ፈታችሁ ስታስተኙት በየትኛው ጎኑ ነው?

ሐዋሳ_ጀልባዋ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9:30

ባጃጅ ላይ እንደተመቸን ነው የምንጭነው እንጂ ጎን አንለይም ጋሼ 😅

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9:40

ፎር ስትሮክ የራሱ ጎን አለው። መሬት የሚነካበት የላስቲክ እግር ያለበትን ጎን ፈልጊ፣ በዚያ ብቻ ይተኛ። በሌላው ካስተኛችሁት ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ስታስነሱት ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ሁሉም ዕቃ ላይ ዘይት። ቱ ስትሮክ የለመደ ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት።

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1:50

አዲሱን ሲል ሳልከት ፈተንኩት፤ አሮጌውም እንዴት እንደሚያፈስ ልይ ብዬ ነው። እግሩን ከሞተሩ ለይቼ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ነከርኩት (ከእናቴ ጋር የተባባልነው እዚህ አይጻፍም)። 5 ፒኤስአይ ምንም። 10 ሞላሁት፣ አሥር ደቂቃ ቆመ፣ የፓምፓው ሰዓት አልተነቃነቀም። የላይኛው ሻፍት ምንም፣ ማርሽ መቀየሪያው ምንም፣ ቡሎኖቹ ምንም።

ከዚያ ሚኒሶታ ያለው ወንድማችን እንዳለው ሻፍቱን በእጄ ማዞር ጀመርኩ። ብልቅ። አንድ አረፋ። አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ ብልቅ። አንድ ዙር ሲሞላ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ። ያን ቦታ በማርከር ምልክት አደረግኩበት፤ አሥር ጊዜ ባዞረው አሥሩንም እዚያው ነው።

ክሩ ከቆረጠው በቆመበትም ማፍሰስ አልነበረበትም?

ሚኒሶታ_ያለው · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4:15

ነበረበት። ሲሉ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አረፋው ከሻፍቱ ጋር ከዞረ ጥፋቱ ሻፍቱ ላይ ነው። ጋሼ፣ ምን ይላሉ?

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 12:30

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ክሩን ሳይ ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ።

ልጄ፣ ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ሲሉ የሚቀመጥበትን የሻፍት ቦታ ጠርገህ ጥፍርህን በቁመቱ አስኪደው። ጥፍርህ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከቆመ አሮጌው ሲል መስመር ቆፍሮበታል፣ አዲሱም እዚያው መስመር ላይ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ እግሩ ላይ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ክንፍ ላይ፣ ምስማር በሽቦ እሰር፣ ጫፉ ሻፍቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቁመው። ከዚያ ሻፍቱን አዙርና ክፍተቱን ተመልከት። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይንህ ካየኸው ሻፍቱ ተጣሟል፤ የሚፈቀደው በዓይን የሚታይ አይደለም።

ድንጋይ መትተህ ታውቃለህ?

ዜጌ_ቀዛፊ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 6:10

ጥፍሬ አልቆመም። ምስማሩ ግን... በአንድ በኩል ሻፍቱን ሊነካው ነው፣ ግማሽ ዙር ሳዞረው የክብሪት እንጨት መሐሉ ያልፋል።

አዎ፣ መትቻለሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ውሃው በጣም ወርዶ ሳለ ክብራን አጠገብ ድንጋይ ነካሁ። የፕሮፔለሩ አንድ ክንፍ ታጥፎ ነበር፣ ፕሮፔለሩን ቀየርኩና ረሳሁት። ዘይቱ የጀመረው ሰኔ ነው። እኔ ለሁለቱም መካኒኮች ድንጋዩን አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

ቶርኖ_ጥግ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 8:00

አምጣው፣ በፕሬስ ቀዝቃዛውን አቃናልሃለሁ። ስንት የመኪና ሻፍት አቅንተናል።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 8:25

ወንድሜ፣ ሙያህን አከብራለሁ፣ ግን ይሄን አላስቀናውም። ጠንካራ ብረት ነው፣ ታጥፎ ተመልሶ ሲታጠፍ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል። መኪና ቢሰበር መንገድ ዳር ይቆማል። ይሄ ሐይቁ መሐል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ስምንት ሰው ጭኖ ነው የሚሰበረው።

ቶርኖ_ጥግ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 8:40

ለዚህ እንኳ መልስ የለኝም። አዲስ ይፈልግ።

ጋሽ_ካምቢዮ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 9:15

ሞተሩ የሞተ ሰው ፈልግ። ፒስተኑ የነደደ ሞተር ብዙ ጊዜ እግሩ ጤነኛ ነው። ስትገዛ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አንከባለው፤ ቀጥ ያለ ሻፍት ሳይዘል ይሄዳል።

ስትገጥም ደግሞ አሮጌውን ሲል ከማውጣትህ በፊት ፎቶ አንሣው። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ሲሎች ናቸው፣ ከንፈራቸው ወደየት እንደሚያይ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ በቃልህ አትመን። አዲሱን የሲሉን ውጪ በሚያክል ቡሽላ እኩል እየገፋህ አስገባ፣ አንድ ጎኑን በመዶሻ አትምታ። ከንፈሩን ግራሶ ቀባው። የሻፍቱን ጥርስ በፕላስተር ጠቅልለው፣ ጥርሱ አዲሱን ከንፈር ገና ሲገባ ይቆርጠዋል። ብዙ ሰው «ፎርጅድ» የሚለው ሲል እንዲህ የተቆረጠው ነው።

ዘይቱን በዘይት ፓምፓ ከታች ወደ ላይ ሙላ። ከላይ ካፈሰስከው አየር ይይዛል፣ ሞላ ብለህ ግማሹ ባዶ ይሆናል። በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት ሲወጣ የላይኛውን ቡሎን መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ ፓምፓውን ነቅለህ የታችኛውን ቶሎ ዝጋ። ያንተው ሩብ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ጋስኬቶቹ አዲስ ይሁኑ።

ሐዋሳ_ጀልባዋ · ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 3:30

ጋሼ፣ የፓምፑ ላስቲክ ተቀዶ ተገኘ። ዘይቱም ተቀየረ። ክዳኑ ሥር ያልብ የነበረው ደግሞ ምንም ሳንነካው ደረቀ። ባጃጁ ላይ አሁን በጎኑ ነው የምናስተኛው፣ ወንድሜ ምልክት ቀብቶበታል።

ዜጌ_ቀዛፊ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 1:20

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለኅዳር ጽዮን አልደረሰም፣ የዘመድ ጀልባ ተከራየሁ፣ ኪሳራው ኪሳራ ነው። ሻፍቱን ጎርጎራ ካለ የሞተ ሞተር አገኘሁት። መስታወት ስላልነበረ የባለቤቱን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ተጠቀምን። ታኅሣሥ 3 ገጠምኩት፣ በሳፋው ፈተንኩት፣ መቶ ጊዜ ባዞረው ብልቅ የለም።

ትናንት፣ ጥምቀቱ ካለፈ በኋላ፣ የታችኛውን ቡሎን ላላ አድርጌ አየሁት። ውሃ የለም፣ ማኪያቶ የለም፣ ዘይቱ እንደገባ ነው። ከሮንዴላው ጀርባ ግን እንደገና አጭር ክር አገኘሁ፤ አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ፕሮፔለሩን አወጣዋለሁ።

ጋሽ_ካምቢዮ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2:00

ጎሽ። የተጣመመውን ሻፍት ምን አደረግከው? ማንም «ደህና ነው» ብሎ እንዳይሸጠው።

ዜጌ_ቀዛፊ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 2:10

አይሸጥም ጋሼ። እናቴ የጓሮው በር መቀርቀሪያ አድርጋዋለች፣ ለሳፋዋ ካሣ ነው።